በ62ኛው ሰከንድ የተጻፈው ፋይል

አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ «የተጻፍኩት በ62ኛው ሰከንድ ነው» የሚሉ ፋይሎች መገኘት ጀመሩ። ባለቤቱ ይህን አያይም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣለት ሰዓቱና ደቂቃው ብቻ ነው፤ ሰከንዱ ከስር ተደብቆ ይቀመጣል። ቪየና የተባለው ቫይረስ አንድን ፋይል ከበከለ በኋላ ተመልሶ መጥቶ በከንቱ እንዳይደክም ሰከንዱን 62 አድርጎ ምልክት ይጥልበታል፤ ከብት አርቢ የከብቱን ጆሮ በጥቶ የራሱ መሆኑን እንደሚለይበት ማለት ነው።

ቪየና 648 ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ቫይረሱ በሙሉ በ216 የአማርኛ ፊደላት ቦታ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ኮም በሚባሉት የፕሮግራም ፋይሎች ጭራ ላይ ይለጠፍና፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ቀድሞ እሱ እንዲሠራ መግቢያውን ወደ ራሱ ያዞረዋል። ከስምንት ፋይል አንዱን ያህል ደግሞ ጭራሽ ያበላሸዋል፤ ያ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

የያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ ከተማ ብራቲስላቫ ከቪየና ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። በ1987 ግን በመካከላቸው የብረት መጋረጃ የተባለው ድንበር ነበር፤ እሾሃማ ሽቦ፣ የጥበቃ ማማ፣ የታጠቀ ወታደር። ሰው እንደ ልቡ የማይሻገረውን ድንበር ፍሎፒ ዲስክ ይሻገረው ነበርና፣ ሚሮስላቭ ትርንካና ፔተር ፓሽኮ የተባሉ ሁለት ወጣት ፕሮግራመሮች ይህን ቫይረስ ብራቲስላቫ ውስጥ አገኙት። ፈታትተው አጠኑት፤ ማርከሻውንም ጻፉለት።

የማርከሻውን ስም ኖድ አሉት። በቼኮዝሎቫኪያ ቴሌቪዥን ሕዝቡ የወደደው «ሆስፒታል በከተማው ዳርቻ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። ወጣቶቹ ከተማውን በዲስክ ተኩት፤ «ሆስፒታል በዲስኩ ዳርቻ» የሚለው የስሎቫክኛ ሐረግ መነሻ ፊደላት ኖድ ብለው ይነበባሉ። ስሙን የወደድኩት ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር ስላለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ቦታ በፍሎፒው ውጫዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ብዙ ቫይረሶችም የሚሰፍሩት እዚያው ነበር። ሆስፒታሉ በሽታው ካለበት ሰፈር ተከፈተ ማለት ነው።

በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ወደቀ። በ1992 ሁለቱ ከሩዶልፍ ህሩቢ ጋር ሆነው ኤሴትን መሠረቱ። ኤሴት ግሪኮች ኢሲስ የሚሏት፣ የጥንት ግብፃውያን የፈውስ አምላክ በስሎቫክኛ የምትጠራበት ስም ነው። ኩባንያው ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራቲስላቫ ነው፤ አክሲዮኑም በገበያ አይሸጥም። አዲስ ግቢ ለመገንባት የመረጠው ቦታ ደግሞ የድሮ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የነበረበት ነው።

ለመሆኑ ፀረ ቫይረስ በሽታውን እንዴት ይለያል? መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ከቫይረሱ አካል ሌላ ፕሮግራም ላይ የማይገኝ ጥቂት ባይት ይመረጥና ዲስኩ ላይ ያ ቁራጭ ይፈለጋል። ይህ ፊርማ ይባላል። ችግሩ የቪየና ኮድ ራልፍ ቡርገር በተባለ ጀርመናዊ መጽሐፍ ውስጥ መታተሙ ነው። መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ኮዱን እየቀዳ፣ እዚህም እዚያም እየነካካ አዳዲስ ዝርያ አወጣ፤ ለፊርማ ከተመረጠው ቁራጭ አንድ ባይት ከተለወጠ አሮጌው ፊርማ ሥራ ያቆማል። ቀጥሎ በተበከለ ፋይል ቁጥር መልካቸውን የሚቀያይሩ ቫይረሶች መጡ። ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንድ የሚያመሳስል ነገር አይገኝባቸውም።

ስለዚህ መልኩን ትቶ ጠባዩን ማየት ግድ ሆነ። ፀረ ቫይረሱ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት በማስታወሻው ውስጥ አስመስሎ የሠራው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያስነሳዋል። ቫይረሱ እውነተኛ ቤት የገባ መስሎት ልብሱን ያወልቃል፤ የተሸፈነውን ኮዱን ይገልጣል፣ ፋይሎችን መበርበር ይጀምራል። ታዛቢው እጁን ያያል። ተጠቃሚው ማውሱን ጠቅ አድርጎ እየጠበቀ ስለሆነ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው። ይህን የሚያውቁ የቫይረስ ጸሐፊዎች ደግሞ ፕሮግራማቸው መጀመሪያ ዝም ብሎ እንዲቆይ፣ ሰዓቱን እንዲገፋ ያደርጉታል።

የሙያው ክብደት ግን ከዚህ በኋላ ነው ያለው። ፋይል የሚጠቀልል ፕሮግራም ፋይሎችን ይለውጣል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም የባለቤቱን ሰነድ አንድ ሳያስቀር ያነባል። ሁለቱም ሥራቸው ነው። ደህናውን ሰው ታመሃል ብሎ የሚቆርጥ ሐኪም በሽታ ከሚያመልጠው ሐኪም አይሻልምና፣ አንድ ፋይል «ንጹሕ ነው» ብሎ መተው «ተበክሏል» ብሎ ከመሰረዝ ያላነሰ እውቀት ይጠይቃል።

እኔ ቫይረስን የማውቀው በፍላሽ ነው። አንድ ቀን ለኅትመት የሚሄድ ጽሑፍ ይዤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ፍላሹ ተሰካ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ከፍዬ ሄድኩ። ቤት ደርሼ ስከፍተው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። የስንት ዓመት ሥራ፣ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ባይት! ልቤ ቀጥ አለ። ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ አየት አደረገና «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ፋይሉ አለ፣ ተደብቆ ነው። ሾርትከቱን ብቻ እንዳይነኩት» አለኝ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አትሪብ ብላ የምትጀምር አንዲት መስመር ጻፈ። ፎልደሮቼ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ዘዴው ሲገለጥ ያስደነግጣል። ሾርትከቱን የነካ ሰው የሚፈልገው ፎልደር ስለሚከፈትለት ምንም አይጠረጥርም፤ በዚያው ጠቅታ ግን ቫይረሱም ተነስቷል። በዚህ መንገድ ከተሰራጩት ውስጥ አንዱ ጋማሩ ወይም አንድሮሜዳ የሚባለው ነበር፤ ኤሴት ዋውቾስ ይለዋል። ለገዛ ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ ስለነበር ከተጠለፉ ኮምፒውተሮች በተሠሩ 464 የተለያዩ መረቦች ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የሩሲያ፣ የዩክሬን፣ የቤላሩስ ወይም የካዛክስታን ኪቦርድ ካገኘ ትቶት ይወጣል፤ የአማርኛውን ግን አይምርም። የኤሴትና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ከአንድ ዓመት በላይ ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን ሰርቨሮች አንድ በአንድ ሲመዘግቡ ቆዩና፣ ኖቬምበር 2017 መጨረሻ ላይ የአሜሪካና የአውሮፓ የሕግ አስከባሪዎች በአንድ ጊዜ አጠፏቸው።

የኩባንያውን ስም ከፍ ያደረገው ሥራ ግን ዩክሬን ውስጥ ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 2016 የኪየቭ ከተማ በከፊል ለአንድ ሰዓት ያህል መብራት ጠፋባት። በተከታዩ ሰኔ የኤሴቱ ተመራማሪ አንቶን ቼሬፓኖቭ መብራቱን ያጠፋውን፣ ኢንደስትሮየር ብሎ የሰየመውን ማልዌር (ለጉዳት የተሠራ ፕሮግራም) ትንታኔ አወጣ። ማልዌሩ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ያውቃል። ቋንቋው ጣቢያዎቹ ከውጭው ዓለም ተነጥለው እንዲሠሩ ታስቦ የተነደፈ ስለሆነ «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዝጋ ሲሉት ይዘጋል።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2022 መጣ። የኤሴት ተመራማሪዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ የዩክሬን ኮምፒውተሮች ላይ ዲስክ የሚያጠፋ አዲስ ማልዌር መለቀቁን በዚያው ምሽት ይፋ አደረጉ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ የሩሲያ ወረራ ተጀመረ። ከፋይሎቹ አንዱ በውስጡ የተዘጋጀበትን ቀን ይዞ ነበር፤ ዲሴምበር 28፣ 2021። ጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ሲሰናዳ እንደነበር የጠቆመችው ይህች ቀን ናት። ከቪየና 35 ዓመት በኋላም የፋይል ሰዓት እያነበቡ ነበር።

ፀረ ቫይረስ ይህን ሁሉ የሚሠራው የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ስለያዘ ነው። ማንኛውንም ፋይል ያነባል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል። ያ ሥልጣን ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ጁላይ 19 ቀን 2024 ታየ፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የጥበቃ ኩባንያ በላከው አንድ ስሕተት ያለበት አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፣ አውሮፕላኖችም ሳይነሱ ቀሩ። ለዚህ ነው ክራክ የተደረገ ፀረ ቫይረስ ሲጫን ባየሁ ቁጥር የምጨነቀው። ስሙን የማናውቀው ሰው የሰበረውን ዘበኛ ቤታችን አስገብተን፣ ቁልፉን ሁሉ አስረክበነው እንተኛለን። ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ነጻ ጥበቃ፣ አፕዴቱ ካልተቋረጠ፣ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል።

የጫናችሁት ዘበኛ ነቅቶ እንደሆነ መፈተኛ አለ። ኢካር የተባለው የአውሮፓ የፀረ ቫይረስ ምርምር ተቋም ያወጣው፣ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተጻፈ የ68 ሆሄ መስመር ነው። ዶስ ላይ እንደ ቪየና ሰለባዎች ኮም ፋይል ሆኖ ይሠራል፤ ሥራው ግን የፀረ ቫይረስ መፈተኛ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፎ መውጣት ብቻ ነው። ማንንም አይጎዳም። የሙያው ሰዎች እንደ ቫይረስ ሊይዙት ተስማምተዋልና፣ ኖትፓድ ላይ ለጥፋችሁ ስታስቀምጡት ፀረ ቫይረሱ ወዲያው መጮህ አለበት። ዝም ካለ ተኝቷል።