ስልካችሁ አማርኛ የሚሰማው እንዴት ነው?

ከሥራ በኋላ ጣት ሲደክም፣ መልእክትን ለስልክ ተናግሮ ማስጻፍ ይቀላል። ጉግል ይህን በአማርኛ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ነው። ምርምሩ ግን ቀደም ይላል። በ2005 ሰለሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የአማርኛ ድምፅ ስብስብ አቀረቡ። 100 ሰዎች 10,850 ዓረፍተ ነገሮች አንብበው 20 ሰዓት ያህል ለማስተማሪያ ተቀዳ።

ኮምፒዩተር የሚማረው ድምፁን ከጽሑፉ ጋር እያስተያየ ነው። አማርኛ ደግሞ ይፈትነዋል፤ «ገና» ላልቶ ሲነገር «ቆይቶ»ን፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉን ያመለክታል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ከዚህም በላይ የንባብ ድምፅ ሌላ፣ የእኛ ወሬ ሌላ ነው። «ማዳም»ና «ኢቃማ» እየቀላቀልን፣ ልጅ ከጀርባ እያለቀሰ እናወራለን። ማሽኑ ያልለመደውን ሲሰማ ዝም አይልም፤ የመሰለውን ይጽፋል።

ስለዚህ ገንዘብ፣ ስም፣ ቀን ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበትን መልእክት ሳታነቡ አትላኩ። ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት። ማንበብ ካስቸገረ ደግሞ ድምፃችሁን ራሱን ቀድታችሁ ላኩ፤ እናት የልጇን ድምፅ ከማንም ማሽን በተሻለ ታውቃለች።