የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያን ለእርሻ ሥራ ስለ መጠቀም

በአነስተኛ ከተማ ተቋቁሞ ለጥቂት ወረዳዎች በአካባቢው ቋንቋ የሚያሰራጭ ጣቢያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይባላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ይህን ዓይነቱን ጣቢያ ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ አስቀምጦት ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የከምባታና የዋግ ኽምራ ጣቢያዎች በዚህ መልክ ከተቋቋሙት መካከል ናቸው። እንዲህ ያለው ጣቢያ የዕድር ጥሪ፣ የጠፋ ከብት ማስታወቂያ፣ የጤናና የትምህርት ፕሮግራም ያሰማል፤ ለእርሻም ሰዓት ይመድባል። ይህ ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ በአጠቃላይ ምክር ያልቃል። ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር ገበሬው ከሰማ ቆይቷል። እሱ ማወቅ የሚፈልገው በዚህ ሳምንት በሚያርስበት አካባቢ ምን እንደ ተከሰተ ነው፤ ይህንንም ለጣቢያው ቀድሞ ማድረስ የሚችለው የልማት ሠራተኛው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች እንውሰድ። የዚህ ተባይ እንቁላል በሞቃት ወቅት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል በቆሎውን ከበላ በኋላ ወደ አፈር ይወርዳል። ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅም ሆነ በመድኃኒት መግደል ይቻላል፤ ካደገና ቅጠሎቹ ወደ ተጠቀለሉበት እምብርት ከገባ ግን መድኃኒቱ በደንብ አይደርሰውም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በደብዳቤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዘዋወር ከሰነበተ ዋጋ የለውም። ሬዲዮ ግን በዚያው ዕለት ምሽት ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ አለ። ገበሬው "ተምች" ሲባል የሚያውቀው በመንጋ ሆኖ ጤፉንና ሣሩን እያጨደ የሚሄደውን ነው። ጣቢያው "ተምች ገብቷል" ብሎ ብቻ ቢናገር አድማጩ መንጋ ሲፈልግ ይውልና ባለማየቱ ተረጋግቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለሆነም ምልክቱ መነገር አለበት፤ ይኸውም በበቆሎው እምብርት ውስጥ ሳጋቱራ የሚመስል ኩስ፣ በቅጠሉም ላይ መስኮት የመሰሉ ስስ ቦታዎችና ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ እምብርቱን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚነገር ከሆነም በተረጨው ማሳ ላይ እሸት ለስንት ቀን እንደማይበላ ሳይጠቀስ ፕሮግራሙ መዘጋት የለበትም።

ለሬዲዮ የሚጻፍ መልእክት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የሚያዳምጥ ሰው ገጽ መልሶ ማንበብ ስለማይችል መጠንና ቀን ሁለት ጊዜ፣ ረጋ ተብሎ ይነበብ። ተባይ የታየበት ቀበሌ ይጠራ፤ የባለማሳው ስም ግን አይነሣ፤ አለዚያ በሌላ ጊዜ ተባይ ያየ ሰው ይደብቃል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም ቀላል አይደለም። ማዳበሪያ መጋዘን ሲገባ ዓይነቱን፣ ዋጋውንና የቀበሌዎችን ተራ በዋዜማው ማስነገር ገበሬው አህያ ነድቶ ግማሽ ቀን ተጉዞ ከተዘጋ በር ላይ እንዳይቆም ያደርጋል። የዘር ወቅት ጥቂት ቀናት ብቻ በመሆኑ አንድ ቀን ማጣት ብዙ ነው። የእህል ዋጋም ከገበያ ቀን በፊት ባለው ምሽት ይነገር፤ ከገበያ በኋላ የተነገረ ዋጋ ለነጋዴው እንጂ ለሻጩ አይጠቅምም።

ሬዲዮን በቡድን ማዳመጥም የቆየ ልምድ ነው። በካናዳ ከእ.ኤ.አ. 1941 ጀምሮ ገበሬዎች በጎረቤት ቤት ተሰብስበው በየሳምንቱ ያዳምጡ፣ ይወያዩ፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ይልኩ ነበር። በሕንድ በፑና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ይኸው ዘዴ በ150 ያህል መንደሮች ተሞክሯል። በሁለቱም አገር ቁም ነገሩ ጥያቄው ወደ ጣቢያው ተመልሶ መምጣቱ ነበር። በእኛም አካባቢ ማኅበሩ አንድ ሬዲዮና አንድ ጸሐፊ ቢመድብ ይበቃል። ሰዓቱ ግን በጣቢያው ፈቃድ ብቻ አይወሰን። ለወንዶች የሚመቸው ምሽት ሴቶች እራት የሚያሰናዱበት ሊሆን ይችላልና ሴቶቹ ራሳቸው ይጠየቁ።

የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ከተራራ ጀርባና ከሸለቆ ውስጥ ያሉ ቀበሌዎች ላይሰሙት ይችላሉ። ይህን ለማወቅ ሬዲዮ ያለው ስልክ ይዞ በየመንደሩ መዞር ነው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል መሰካቱ አይረሳ። ለማይሰሙት ቀበሌዎች የአዘራርና የከብት አያያዝ ፕሮግራሞችን በሚሞሪ ካርድ ቀድቶ በገበያ ቀን ማሰማት ይቻላል። የተባይ ማስጠንቀቂያ ግን እስከ ገበያ ቀን የሚቆይ ስላልሆነ በዚያው ቀን ሰው ይላክ።