የዶርዜ ቀርከሃ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን ወደ ጨንቻ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የጋሞ ደጋ ወደሆነው ዶርዜ ያደርሳል። በዚህ ሥፍራ በእንሰት ተክል መካከል የሚታዩት ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች የገበሬው መኖሪያ ከመሆናቸውም በላይ ለአገር ጎብኚ ማረፊያነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ።

ቤቱ አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ግድግዳና ጣሪያው አንድ ወጥ ሲሆን፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጎነጎነ ከመሬት እስከ ጫፍ ይወጣል። ላዩም በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይከደናል። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ባስፈለገ ጊዜም ጎረቤት ተሰባስቦ በሸክም ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በዚህ አኳኋን ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል።

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ነው። ተራራ ላይ ለማድረስም መኪናና ነዳጅ ይጠይቃል። የደጋ ቀርከሃ ግን ከገበሬው ጓሮ ይገኛል። ቡቃያው በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ 3 ዓመት ሲሞላው ለግንባታ ይደርሳል። የበሰለው እየተመረጠ፣ ለጋው እየተተወ ከተቆረጠ ተክሉ ራሱን ይተካል። ሳይመረጥ ከተጨፈጨፈ ግን ይዳከማል።

ይሁንና ቤቱ ለእንግዳ ሲሆን አንድ ችግር ይከተላል። በመኖሪያ ቤት ዘወትር የሚነደው እሳት ጭሱ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። እንግዳ ግን ጭስ አይወድም። እሳቱ ሲጠፋ ምስጡ ይበረታል። ስለሆነም እንግዳ በሌለበት ቀን ቤቱን ማጠን፣ ግርጌውን ከእርጥብ አፈር ለይቶ በድንጋይ ላይ ማሳረፍ፣ መታጠቢያና መጸዳጃውንም ለብቻው መሥራት ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ያለ ጎንጓኙ እጅ አይቆምም። ሥራው በመጽሐፍ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ በማየት የሚወረስ ነው። ከእንግዳ የሚገኘው ገቢ ለሠሪው ተገቢ ዋጋ፣ ለገበሬውም የቀርከሃ መትከያ ካልሆነ፣ ወጣቱ ሙያውን ትቶ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ በቦታውም ብሎኬትና ቆርቆሮ ይተካል። ያን ጊዜ እንግዳውም ሊያይ የመጣውን ቤት አያገኝም። በመሆኑም ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ ከቆረጠው የሚበልጥ ቀርከሃ መትከልን፣ ከሽማግሌው ጎን አንድ ወጣት ማሠልጠንን የሥራው ክፍል አድርጎ ሊይዘው ይገባል።