ትልቅ ጎማ የቫንን ጠባይ እንዴት ይለውጣል?

በጠጠርና በጭቃማ መንገድ ላይ የሚሠሩ አንዳንድ የቫን ባለቤቶች ፋብሪካው የገጠመውን ጎማ አስወልቀው ከፍ ያለና ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ያስገጥማሉ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የመኪናው ሆድ ከድንጋይ እንዲርቅና ጎማው ልል መሬትን ቆንጥጦ እንዲይዝ ነው። ይሁን እንጂ ጎማ የሞተሩ ኃይል ወደ መንገድ የሚተላለፍበት የመጨረሻው ማርሽ እንደ ማለት ነው። ስለሆነም መጠኑ ሲለወጥ የፍጥነት መለኪያው ንባብ፣ የመጎተት አቅሙና የፍሬኑ ብርታት አብረው ይለወጣሉ። ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት እንመልከት።

ቶዮታ ሃይኤስን በመሳሰሉ ቫኖች ላይ ከሚገጠሙት ጎማዎች መካከል በጎኑ 195፣ 80 እና 15 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፉበት ይገኛል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 80 የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 80 በመቶ፣ ማለትም 156 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን ከ381 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል ነው። ጎኑ ከላይም ከታችም ስለሚቆጠር የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር 381 + 156 + 156 = 693 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚሁ ዘዴ 235፣ 75 እና 15 የሚል የተጻፈበት ጎማ ሲሰላ 733.5 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ጭማሪው 5.8 በመቶ ነው። የመኪናው ሆድ ከፍ የሚለው ግን በዲያሜትሩ ልዩነት ግማሽ፣ ይኸውም በ20 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህች ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው ዙርን እንጂ የተጓዘውን መንገድ አይደለም። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ፣ ቀድሞ ትክክል የነበረ መለኪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው 85 ያህል ይጓዛል።

ሁለተኛ፣ ጎማው መንገዱን የሚገፋበት ኃይል የሚገኘው ቶርክ የሚባለው ጠምዛዥ ኃይል ለጎማው ሬዲየስ ሲካፈል ነው። ሬዲየሱ ሲያድግ ይህ ኃይል በ5.5 በመቶ ይቀንሳል። በመሆኑም አሽከርካሪው ዳገት ላይ ከወትሮው ቀድሞ ማርሽ ለመቀነስ ይገደዳል።

ሦስተኛውና አሳሳቢው የፍሬን ጉዳይ ነው። የፍሬኑ ኃይልም በሬዲየሱ ስለሚካፈል ፔዳሉ እንደ ቀድሞው ቢረገጥ መኪናውን የሚይዘው ኃይል ያንሳል። በሌላ በኩል የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ መለኪያው ያው 80 እያሳየ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በ12 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ የመቆሚያው ርቀት በ19 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ በ40 ሜትር ይቆም የነበረው ቫን ከ47 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሰው ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ አሽከርካሪ ይህ ሰባት ሜትር ቀላል አይደለም።

በተጨማሪም ትልቅ ጎማ ሁሉ የበለጠ ይሸከማል ማለት ስሕተት ነው። በጎማው ጎን ላይ የሚጻፈው የጭነት ቁጥር 106 ከሆነ አንዱ ጎማ እስከ 950 ኪሎ ግራም፣ 105 ከሆነ እስከ 925 ኪሎ ግራም ይችላል። ግዙፍ ሆኖ 105 የተጻፈበት ጎማ 106 የነበረውን ቢተካ በአራቱ ጎማዎች 100 ኪሎ ግራም ይጎድላል።

እንግዲህ ጎማ ለመለወጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ዲያሜትሩን ያስላ፤ የጭነት ቁጥሩን ያነጻጽር፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን አለመንካቱን፣ መኪናው በሙሉ ጭነት እያለ ጭምር ይፈትሽ። የፍጥነት መለኪያውንም ያስተካክል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ በነበረው መጠን ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ መግጠም ጭቃውን ለማለፍ ይበቃል፤ ፍሬኑንም አያዳክምም።