ያጠጣ ነበር፣ ማጠጣት ለምዷል

የእንግሊዝኛው «ዩስት ቱ» ቀድሞ በተደጋጋሚ ይደረግ የነበረና አሁን የቀረ ነገርን ይገልጻል። በአማርኛ ይህን የሚናገረው «ነበር» ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ከመሠራቱ በፊት፣ አብዛኛው የአካባቢው ገበሬ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቅ ነበር። በእንግሊዝኛ «ዘ ፋርመርስ ዩስት ቱ ዌይት ፎር ዘ ሬይን» ይባላል። ከ«ቱ» በኋላ የሚመጣው ግስ ቅጥያ የለውም፤ ባለቤቱ እኔም ሆነ እሷ ወይም እነሱ፣ ቅርጹ ያው ነው።

ተማሪውን የሚያስቸግረው «ነበር» ብዙ ሥራ የሚሠራ መሆኑ ነው። «በጋ በጋ ያጠጣ ነበር» ልማድ ነው። «ውኃው ቢለቀቅ ኖሮ ያጠጣ ነበር» ግን ከነጭራሹ ያልተደረገ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ «ውድ ሃቭ» ይላል። «ስንደርስ እያጠጣ ነበር» ደግሞ በዚያች ሰዓት በመካሄድ ላይ የነበረ ሥራ ስለሆነ «ዎዝ ኢሪጌቲንግ» ይሆናል። ስለዚህ «ነበር»ን ባዩ ቁጥር «ዩስት ቱ» ማለት አያዋጣም። «መራዊ ሦስት ዓመት ኖረ» እንደሚባለው ጊዜው ተቆጥሮ ሲነገርም «ዩስት ቱ» አይገባም፤ ተራው ኃላፊ ግስ ይበቃል።

«ውድ» ብቻውን ሆኖ የቀድሞ ልማድን ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን ለተደጋገመ ድርጊት እንጂ ለነበረ ሁኔታ አይሆንም። «እዚህ ጫካ ነበር» ለማለት «ዜር ዩስት ቱ ቢ ኤ ፎረስት ሂር» እንጂ «ውድ ቢ» አይባልም። በአሉታና በጥያቄ «ዲድ» ሲገባ የኃላፊ ጊዜውን ምልክት ስለሚወስድ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው ያለ መጨረሻው «ድ» ነው፦ «ዲድንት ዩስ ቱ»። ለአሁን ልማድ ግን ይህ ቅርጽ ጨርሶ የለም። «ሁልጊዜ በማለዳ እነሳለሁ» የሚል ሰው «አይ ዩስ ቱ» ብሎ ቢጀምር ስህተት ነው፤ ተራውን የአሁን ግስ ከ«ዩዥዋሊ» ጋር መናገር አለበት።

መልመድ ሌላ ነው። አማርኛ በአንዱ ግስ «ለምዷል» እና «እየለመደ ነው» ሲል፣ እንግሊዝኛ ሁለት ረዳቶች ያሰማራል፦ ለተደረሰበት ሁኔታ «ቢ»ን፣ ለለውጡ ሂደት «ጌት»ን። በተራ ማጠጣትን የለመደ ገበሬ «ኢዝ ዩስት ቱ ኢሪጌቲንግ ባይ ተርንስ» ይባላል፤ ገና በመልመድ ላይ ያለው «ኢዝ ጌቲንግ ዩስት ቱ» ነው። ጊዜውን የሚሸከሙት እነዚህ ረዳቶች ስለሆኑ «ዎዝ ዩስት ቱ» (ለምዶ ነበር)፣ «ዊል ጌት ዩስት ቱ» (ይለምዳል) ማለት ይቻላል። የቀድሞ ልማዱ «ዩስት ቱ» ይህ ነፃነት የለውም።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ«ማ» የሚጀምረው «ማጠጣት» በእንግሊዝኛ «ቱ ኢሪጌት» መሆኑን በቃላቸው ስለያዙ፣ «ማጠጣት ለምዷል»ን «ኢዝ ዩስት ቱ ኢሪጌት» ብለው ይጽፉታል። እዚህ ያለው «ቱ» ግን መስተዋድድ ነው፤ ከኋላው ስም ይፈልጋል። ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨምርና ስም ይሆናል። አማርኛም ቢሆን «ማጠጣቱን ለምዷል» ሲል ቃሉን እንደ ማንኛውም ስም ይዞታል፤ «ቅዝቃዜውን ለምዷል» ከማለት በአገባብ አይለይም። መምህራን ከዚህ ቢነሱ ደንቡ በቀላሉ ይያዛል።

ሦስተኛው ተመሳሳይ አጻጻፍ ልማድንም መልመድንም አይመለከትም። «ዘ ዋተር ኢዝ ዩዝድ ቱ ኢሪጌት ዊት» ማለት ውኃው ስንዴ ለማጠጣት ይውላል ማለት ነው፤ እዚህ ግሱ ያለ «ኢንግ» ይመጣል። በጽሑፍ የሚለየው ባለቤቱን አይቶ ነው፤ ውኃ አገልግሎት ይሰጣል እንጂ አይለምድም። በንግግር ግን ጆሮ ይለየዋል፦ የልማዱና የመልመዱ «ዩስት» በ«ስ» ሲነገር፣ የአገልግሎቱ «ዩዝድ» በ«ዝ» ነው።