የወጥ ቤት ፎጣ ሽመና ዕቅድ በትምህርት ቤት

በአገራችን ሽመና ከአባት ወደ ልጅ በማየትና በመሥራት ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ድር በወረቀት አያሰላም፤ ስሌቱ በእጁና በዓይኑ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ግን ይህ ዕድል የለውም። ተማሪው ከሽመናው ዕቃ ጋር የሚገናኘው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ ለሥራው የሚሰጠውም ክር በሚዛን ተለክቶ የተመደበ ነው። ድሩ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ስፋቱ ወይም ርዝመቱ ጎድሎ ቢገኝ የሚቀጠልበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። በመሆኑም ዕቅዱ ራሱ እንደ ሽመናው ሁሉ የትምህርቱ አካል ሊሆን ይገባል።

ለጀማሪዎች ነጠላ ወይም ጋቢ ማሠራት የሚያጓጓ ቢሆንም አያዋጣም። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ድርና ብዙ ወራት ይጠይቃል። የታጠበ ሳህንና ብርጭቆ የሚደርቅበት ፎጣ ግን አጭር ነው፤ በአንድ ድር ላይ በርከት ብሎ ይሠራል፤ ጠርዙ ትንሽ ቢጣመምም ከአገልግሎት አይወጣም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግበት ጠባይ ውሃ መምጠጥ ነውና ክሩ ጥጥ መሆን አለበት። የሚያብረቀርቀው ሰው ሠራሽ ክር ለጥለት ቢያምርም ለዚህ ሥራ አይረባም።

ክሩ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ድር ይግባ የሚለው ነው። ለዚህ ማስመሪያ ይበቃል። ክሩ ሳይደራረብና ሳይራራቅ በማስመሪያው ላይ ይጠቀለልና በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ዙር ይቆጠራል፤ የተገኘው ቁጥር ለሁለት ሲካፈል የተራ ሽመና ጥግግት ይገኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማጉ በእያንዳንዱ ድር መካከል ሲያልፍ የራሱን ውፍረት ያህል ቦታ ይፈልጋል። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ ስለሚለዋወጥ ከአንድ ቦታ በላይ ቢለካ ይመረጣል።

ለምሳሌ ያህል በ8/2 ቁጥር የሚታወቀው ሁለት ድርብ የፋብሪካ ጥጥ ክር ይወሰድ። ይህ ክር በኪሎ 6,770 ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ሳንቲ ሜትር 16 ጊዜ ያህል ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ጥግግቱ 8 ድር ነው። ሲጠናቀቅ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፎጣ ቢታሰብ፣ ሽመናው ወደ ውስጥ ስለሚስበውና እጥበቱ ስለሚያሳጥረው በሽመናው ዕቃ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ይያዝለታል። 50 በ8 ሲባዛ 400 ድር ይሆናል። ርዝመቱም እንዲሁ ነው። ለፎጣው 64፣ ለሁለቱ ጫፍ እጥፋት 6፣ ለማጠር 10፣ በድምሩ 80 ሳንቲ ሜትር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሊሸመን የማይችለው የድር ጫፍ ነው። ድሩ የሚታሰርበትና በመጨረሻም መወርወሪያው የማይደርስበት ክፍል 70 ሳንቲ ሜትር ነው ቢባል፣ አንድ ፎጣ ብቻ ለመሥራት ከሚዘረጋው 150 ሳንቲ ሜትር ግማሽ የሚጠጋው ይጣላል። ስድስት ፎጣ በአንድ ድር ላይ ቢሠራ ግን ከ550 ሳንቲ ሜትር የሚጣለው ያው 70 ነው፤ ከስምንት እጅ አንድ እጅ ያህል። ስድስት ተማሪዎች አንድ ድር ተጋርተው በተራ እንዲሸምኑ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ 400 ድር በ5.5 ሜትር ሲባዛ 2,200 ሜትር የድር ክር ይወጣል። ለማጉ በሳንቲ ሜትር 8 ውርወራ ቢያዝ ለአንድ ፎጣ 640 ውርወራ፣ ማለትም 320 ሜትር ያስፈልጋል፤ ማጉ በድሩ ላይና ታች ሲታጠፍ ስለሚበላው አንድ አሥረኛ ተጨምሮበት 352፣ ለስድስቱም 2,112 ሜትር ይሆናል። ጠቅላላው 4,312 ሜትር ወደ 640 ግራም ይመዝናል። ለሚበጠስና ለሚባክን ጥቂት ሲጨመርበት 700 ግራም መጠየቅ በቂ ነው።

መለኪያው ክንድ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። ክንድ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው ብሎ 11 ክንድ የሚቆጥር መምህር፣ ክንዱ 44 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተማሪ ድሩን ቢያደውር 66 ሳንቲ ሜትር ይጎድልበታል። ስድስተኛው ፎጣ ቀረ ማለት ነው! ሆኖም ክንድን ከመከልከል ይልቅ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ክንድ በሜትር ለክተው እንዲያነጻጽሩ ማድረግ መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናል።

ጥለቱ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ይነደፍ። በቁመት የሚወርደው መስመር በድሩ ውስጥ ስለሚገባ ከማድወር በፊት መወሰን አለበት፤ በአግድም የሚያልፈው ግን በማግ ስለሚሠራ በሽመናው መካከልም ሊለወጥ ይችላል። ቀለም ያለው ክር ከነጭ ጋር ተጠቅልሎ በሙቅ ውሃ ይፈተን፤ የሚለቅ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ፎጣውን ሁሉ ያበላሻልና።

ለዕቅድ አውጪዎች ከክሩ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። ጀማሪ ተማሪ በደቂቃ አምስት ጊዜ ቢወረውር 640 ውርወራ 128 ደቂቃ ይፈጃል። ለስድስቱ ተማሪዎች 768 ደቂቃ፣ ይኸውም ባለ 40 ደቂቃ 19 ክፍለ ጊዜ ያህል ነው፤ 400ውን ድር አንድ በአንድ ማስገባቱ ሳይቆጠር። ክፍሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገናኝ ከሆነ ሥራው ወሰነ ትምህርቱን ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛ የሽመና ዕቃ ተጨምሮ ሦስት ሦስት ፎጣ ቢሠራ የሽመናው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የሚጨምረው ብክነት ሌላ 70 ሳንቲ ሜትር የድር ጫፍ፣ ማለትም 280 ሜትር ወይም 41 ግራም ገደማ ክር ብቻ ነው።