ድመትና ባለቤቷ እንዴት ይግባባሉ?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ባገራችን ድመት በቤት ውስጥ ያላት ቦታ የታወቀ ነው። አይጥ ትይዛለች፣ ማታ ምድጃ ዳር ትጋደማለች፣ ሲፈልጓት «ውሮ፣ ውሮ» ብለው ይጠሯታል። አመሏ አይለወጥም ስለሚባልም ላስተምራት ብሎ የሚደክም እምብዛም አይገኝም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ድሮ ድመትን የሚያውቋት በሥራዋ ነበር። በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የለንደን ፖስታ ቤት አይጥ ቢያስቸግረው ሦስት ድመቶች ቀጥሮ፣ ለመቀለቢያቸው በሳምንት አንድ ሽልንግ ፈቅዶ ነበር። ይኸው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የወደቁበት ዓመት ነው። ከዚያ ዘመቻ የተመለሱ እንግሊዞች «ዙላ» የተባለች ድመት ይዘው መጡ ተብሎ ይተረካል። ሥዕሏም በ1874 በታተመ የድመት መጽሐፍ ላይ ወጥቷል። ዛሬ በዓለም ሁሉ «አቢሲኒያን» የሚባለው የድመት ዘር ስም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የዘር ምርመራ ግን መነሻው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሳይሆን እንደማይቀር ያመለክታል።

በዛሬዪቱ ለንደን የድመት ኑሮ ሌላ ነው። በብዙ ወገኖቻችን ቤት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ከድመቷ ጋር የሚቀሩት አያት ናቸው። እንግሊዝኛው ያልቀናቸው እማማ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የሚያወሩት ለእርሷ ነው። ታዲያ ድመቷ ትሰማቸዋለች ወይስ በከንቱ ነው የሚለፉት?

ስሟን ታውቃለች

ትሰማለች። በ2019 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ድመቶች ስማቸውን ከሌሎች ተመሳሳይ ቃላት ለይተው ያውቃሉ። በ2022 ደግሞ በፓሪስ አካባቢ በ16 ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት ባለቤታቸው ለእነርሱ የሚናገርበትን ድምፅ ለሌላ ሰው ከሚናገርበት እንደሚለዩ አመልክቷል። የጃፓን ድመት ስሟን በጃፓንኛ እንደለመደች ሁሉ፣ የለንደኗም ድመት በአማርኛ ብትጠራ የሚያግዳት ነገር የለም። የሚያደናግራት እናት «ውሮ»፣ ልጅ «ሲምባ»፣ አባት ደግሞ «አንቺ» ሲሏት ነው። ቤተሰቡ በአንድ ስም ይስማማ።

እርሷስ ምን ትላለች?

ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው «ሚያው» የሚባባሉት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ግልገል እናቱን ይጠራበታል፤ ካደገ በኋላ ግን ይህን ድምፅ በአብዛኛው የሚያሰማው ለሰው ነው። እያንዳንዷ ድመት ከባለቤቷ ጋር የራሷን ቋንቋ ስለምትፈጥር የጎረቤት ድመት «ሚያው» ለሌላ ሰው ላይገባው ይችላል።

ከጉሮሮዋ የምታሰማው «ኩርርር» የሚለው ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም። የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮምና ባልደረቦቿ በ2009 እንዳሳዩት፣ የራባት ድመት በኩርርታው ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ትጨምርበታለች። ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። በ2020 ደግሞ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሰው ዓይኑን በዝግታ ጨፈን ከፈት ሲያደርግላት ድመቷም በዚያው እንደምትመልስና ለመቅረብም ይበልጥ ፈቃደኛ እንደምትሆን አመልክቷል።

ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ከመጣች ሰላምታ ነው። ጭራዋን ወዲያና ወዲህ ስትወረውር ግን እንደ ውሻ ደስ ብሏት ሳይሆን ተናዳ ነው። ጆሮዋን ወደኋላ ካጋደመች ልጆች እጃቸውን ቢሰበስቡ ይሻላል።

እንዴት ትማራለች?

አንድ ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ይዋል። ሳህኗን ከማስቀመጥዎ በፊት «ምግብ»፣ በሩን ከመክፈትዎ በፊት «ውጪ» ይበሉ። ትምህርቱ ሳትጠግብ፣ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጥ ይሁን። የተፈለገውን ስታደርግ ወዲያውኑ ጉርሻ ይሰጣት፤ ጉርሻው ከዘገየ የተሸለመችበትን ምክንያት አታውቀውም። መምታትና መጮኽ የሚያስተምራት ሰውየውን መሸሽ ብቻ ነው።

በር ላይ ትንሽ ቃጭል ማንጠልጠልም ይቻላል። በአፍንጫዋ ወይም በእጇ በነካችው ቁጥር ትሸለም፤ ከለመደች በኋላ ቃጭሉ በጮኸ ጊዜ በሩ ይከፈት። በ2018 አሜሪካዊቷ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ክሪስቲና ሀንገር ውሻዋን፣ ሲጫኑት ቃል በሚናገር ቁልፍ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ፣ ለድመትም የሚሞክሩት በዝተዋል። የሳንዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ያወጣው ጥናት ግን የተደረገው በውሾች ላይ ነው። ቁልፉን የሚገዛ ሰው ድመቷ አረፍተ ነገር ትሠራለች ብሎ ባይጠብቅ ይመረጣል።

ስለ ጉርሻው አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለድመት ወጥ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ አጥንት የሌለው ቁራጭ ዶሮ ይበቃታል። ወተትም ቢሆን ላደጉ ድመቶች ብዙውን ጊዜ ሆድ ያበላሻል።

ዝም ስትል

የዚህ ሁሉ ድካም ትልቁ ጥቅም የሚታየው ድመቷ በታመመች ጊዜ ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። የዘወትር ንግግሯን የሚያውቅ ሰው ግን ወሬኛዋ ዝም ስትል፣ ዝምተኛዋ ስትጮኽ፣ ቃጭሏን የምትደውለው አልጋ ሥር ስትደበቅ ቶሎ ይነቃል። በተለይ ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት እምቢ ካለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። «ነገ ይሻለዋል» ሳይባል በዚያው ሰዓት ለሐኪም መደወል ያስፈልጋል።

የሐኪም ዋጋ ለሚከብዳቸው፣ በ1917 በኋይትቻፕል የተመሠረተው ፒ.ዲ.ኤስ.ኤ. እና ብሉ ክሮስ የተባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተወሰኑ ቤኔፊቶችን የሚያገኙ ሰዎችን ይረዳሉ። ሰፈርዎና ቤኔፊትዎ ይፈቅድ እንደሆነ ድመቷ ሳትታመም አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮም በእንግሊዝ የቤት ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ እንዲገባላት ሕግ ያዛል። ይህን ያላደረገ እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

እንግዲህ እማማ ለድመቷ ማውራታቸውን ይቀጥሉ። ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ዛሬ ምን አለች?» ብለው ይጠይቋቸው። ቀኑን ሙሉ አብረዋት ስለሚውሉ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ይልቅ ቋንቋዋን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።